የእድሩ ዕቃ ቤት የቆመበት ሜዳ የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የጠበቃዋ መልስ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ጠበቃ። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ባለ ሰፈር የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ የራሳችን ጉድ ሆኖ ጻፍኩ።

እድራችን የተቋቋመው በ1969 ዓ.ም. ነው። አባሎቻችን አብዛኞቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ናቸው። ከሰፈራችን ጀርባ አንድ ሜዳ አለ፤ 300 ካሬ ቢሆን ነው። በ1978 ዓ.ም. ቀበሌው ደብዳቤ ጽፎልን እዚያ ላይ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ሠራን። ድንኳኑ፣ ቋሚው፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የብርጭቆው ሳጥን ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ስብሰባችን በሜዳው ላይ ነው። ሰው ሲሞትም ድንኳን የምንተክለው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። የሰፈራችን ቤት ጠባብ ነው፤ ግቢ ያለው ሰው የለም።

ከሜዳው በላይ በኩል ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ሰዎቹ ከገቡ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሰላም ነበር የኖርነው፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ የእድራችን አባል ናቸው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ስለበሰበሰ ቆርቆሮውን ቀየርን። በዚያው አንድ ሜትር ያህል ወደ ጎን አሰፋነው። ያኔ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ «ቦታው የጋራ ይዞታችን ነው» ብሎ ጻፈልን። እኛም መለስን። ነገሩ በዚያው በረደ ስንል ዘንድሮ ጥቅምት 2018 ላይ ሊቀ መንበራችን መጥሪያ ደረሳቸው። ክሱ «ሁከት ይወገድልን» ይላል።

ክሱ ገና ሳይታይ፣ ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ማለዳ ብረት ተክለው ሜዳውን በሽቦ አጠሩት። የዕቃ ቤቱ በር ከአጥሩ ውስጥ ቀረ። ቁልፉ እኛ ዘንድ፣ በሩ እነሱ ዘንድ ሆነ። በሳምንቱ የአንድ አባላችን እናት አረፉ። ጡሩንባ ተነፍቶ ሰው ሲሰበሰብ ድንኳን የለም። ጥበቃው «ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አላስገባም» አለ። ወጣቶቹ ዘለው ገቡና ቋሚውን አንድ በአንድ በሽቦው ላይ እያሳለፉ አወጡት። ድንኳኑ ሲቆም ሐዘንተኛው ከቀብር ተመልሷል። አሁን ደግሞ «ዘላችሁ ስለገባችሁ በወንጀል ትጠየቃላችሁ» እያሉን ነው።

40 ዓመት የያዝነው መሬት የእኛ አይደለም ወይ? እድር ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ይችላል ወይ? ወጣቶቹ አጥሩን እንንቀለው እያሉ ነው፤ ሕጉ ምን ይላል? የክሱን፣ የቀበሌውን ደብዳቤና የቃለ ጉባኤያችንን ቅጂ አያይዣለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አጥሩን አትንቀሉ። ሌላውን ነገር እስክናወራ ድረስ ይህችን ለወጣቶቹ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።

ሕጉ ባለይዞታን እጁን አጣጥፎ ተቀመጥ አይለውም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1148 ይዞታውን ሊነጥቀው ወይም ሊያውከው የመጣን ሰው በኃይል መመለስ እንደሚችል ይናገራል። በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበትንም ማስመለስ ይችላል። ግን ወዲያውኑ ነው። በዚያ እሑድ ማለዳ ብረቱ ሲተከል ደርሳችሁ ብትከላከሉ አንድ ነገር ነው። ያውም ልክ ያለው መከላከል፤ ከሁኔታው በላይ የሆነ ጉልበት ሕጉ አይፈቅድም። ዛሬ ሳምንታት ካለፉ በኋላ መቁረጫ ይዞ መሄድ ግን ሌላ ነው። ያኔ እናንተ የሰው ንብረት አበላሽ ትሆናላችሁ። በእጃችሁ ያለውን ጥሩ ክርክር በአንድ ሌሊት ታቃጥሉታላችሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ። «መሬቱ የእኛ አይደለም ወይ» ላሉት እቅጩን ልንገርዎ። አይደለም። የእነሱም አይደለም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የእናንተ ቀበሌ ቤቶችም የመጡት ከዚያ ነው፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ተባለ። ስለዚህ ኮንዶሚኒየሞቹም እናንተም ልትከራከሩ የምትችሉት በይዞታና በመጠቀም መብት ላይ ነው። ይህን የምለው ለፍልስፍና አይደለም። ችሎት ፊት «የአባቶቻችን መሬት ነው» ብላችሁ ስትጀምሩ ዳኛው ብዕሩን ያስቀምጣል። ያን ጊዜ ያጣችሁትን ጆሮ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ አንዳንድ ራፖር ጸሐፊዎች «15 ዓመት ከያዛችሁ በይርጋ የእናንተ ሆኗል» ብለው ይጽፉላችኋል። እውነት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በስሙ ግብር እየከፈለ 15 ዓመት በተከታታይ ስለያዘ ሰው ይናገራል። ነገር ግን ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ መሬት በግል እጅ በነበረበት ዘመን። ደግሞስ እናንተ የሜዳውን ግብር ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? በላኩልኝ ወረቀት ውስጥ አንድም የግብር ደረሰኝ አላየሁም። ይህን ክርክር ተዉት።

የእናንተ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከሳሾቹ የመረጡት የክስ ዓይነት ላይ።

«ሁከት ይወገድልን» የሚለው ክስ መሠረቱ ቁጥር 1149 ነው። ይህ ክስ ካርታ ያለው ማን ነው ብሎ አይጀምርም። ነገሩን በእጁ አድርጎ ያዝዝበት የነበረው ማን ነው? ያንን ማን አወከው? ብሎ ነው የሚጀምረው። ቁጥር 1140 ይዞታን የሚተረጉመው በዚህ መንገድ ነው፤ በእጅ አድርጎ በእውነት ማዘዝ። እንግዲህ ይዩት። ቁልፉ በማን ኪስ ነው? ድስቱ የማን ነው? ወር በገባ እሑድ ሜዳው ላይ ወንበር የሚደረድረው ማን ነው? ከሳሾቹ ሜዳውን መቼ በእጃቸው አድርገው ያውቃሉ? ክሳቸውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «ልጆቻችን ይጫወቱበት ነበር» ከሚል አንድ መስመር በቀር ይዘነው ነበር የሚል ዝርዝር የለበትም። የቀረው ሁሉ ስለ ካርታ ነው። ክሱን የጻፈው ባለሙያ የባለመብትነት ነገር ይዞ በሁከት በር የገባ ይመስለኛል።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ክሱ አራተኛ አንቀጽ ላይ ያገኙታል። «ተከሳሽ ከመጋቢት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ» ይላል። ያሰመርኩበት እኔ ነኝ። ቁጥር 1149 ንዑስ ቁጥር 2 የሁከት ክስ ሁከቱ በጀመረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ አይቀርብም ይላል። ከመጋቢት 2015 እስከ ጥቅምት 2018 ይቁጠሩት። ራሳቸው በጻፉት ቀን ጊዜው አልፎባቸዋል። እነሱ «ሁከቱ ቀጣይ ነው፣ ዛሬም አለ» ማለታቸው አይቀርም። ቢሆንም ጥሩ መቃወሚያ ነው። ልብ ይበሉ፣ ይርጋን፣ ማለትም የክሱ ጊዜ ማለፉን፣ እናንተ ካላነሳችሁ ዳኛው ስለ እናንተ አያነሳውም። የመከላከያ መልሳችሁ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ይጻፍ። በቃል ማለት አይበቃም።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ ብለው እንዳይዘናጉ። በሁከት ክስ መርታት መሬቱን መርታት አይደለም። ነገ ካርታቸውን ይዘው በሌላ ክስ ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ካርታውን ዛሬውኑ እንየው።

ከሳሾቹ ከክሱ ጋር ያያያዙት የይዞታ ማረጋገጫ ፎቶ ኮፒ ነው። የላይኛውና የጎኑ ድንበር በደንብ ይታያል። በእናንተ በኩል ያለው የታችኛው መስመር ግን ኮፒ ሲደረግ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ተቆርጧል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው! ዋናው እንዲቀርብ ጠይቁ። ፍርድ ቤቱም የክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማኅደሩን ከነሳይት ፕላኑ እንዲልክ እንዲያዝ አመልክቱ። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች በመግለጫና በፕላን እንዲመዘገቡ ያዝዛል። የጋራ መጠቀሚያው እስከ የት እንደሆነ የሚታየው በዚያ ነው፤ በኮሚቴው ደብዳቤ አይደለም። ከዚያ ቀያሽ ቦታው ላይ ወርዶ ይለካ። የከተማው የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶ ላይ ዕቃ ቤታችሁ ከታየ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሰማይ ጎልቶ ይታያል።

ሜዳው በእርግጥ በካርታቸው ውስጥ ቢገኝስ? ካርታ የባለመብትነት ግምት ይሰጣል፤ ቁጥር 1195 ይኸው ነው። ግምቱ ግን ይፈርሳል። በቁጥር 1196 ካርታው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ መሆኑ ከታየ ይወድቃል። ሰው የሚገለገልበት ቤት የቆመበትን ቦታ ሳይጠይቁ ለሌላ ማካለል እንዴት እንደሆነ የሰጠው አካል ያስረዳ።

አሁን ስለ ቀበሌው ደብዳቤ። እርስዎ «ዋናው ማስረጃችን» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ከበውታል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማኅተሙ ደህና ነው፣ ቁጥርና ቀን አለው፣ ፊርማው ይነበባል። ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ግን በማጠፊያው ስንጥቅ ውስጥ የገባች ቃል አለች። «ለእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ በጊዜያዊነት እንዲገለገሉበት» ነው የሚለው። እርስዎ በደብዳቤዎ ላይ ሲጠቅሱት «በጊዜያዊነት» የምትለውን ዘለዋታል። ከሳሾች አይዘሏትም። ይህን ደብዳቤ የባለመብትነት ማስረጃ ልታደርጉት ከሞከራችሁ ይዞርባችኋል። ለይዞታ ግን ወርቅ ነው። ከ1978 ጀምሮ በስውር ሳይሆን በአስተዳደሩ እውቅና በእጃችሁ እንደነበረ ያሳያል። ስለዚህ ለዚያው ብቻ አቅርቡት።

ቃለ ጉባኤዎቹን ግን ወድጃቸዋለሁ። የ1979ኙ ገጽ ላይ «ለ18 ቆርቆሮ፣ ለሚስማርና ለአናጢ» ብሎ የተመዘገበው ወጪ ከአሥር ሽማግሌ ምስክርነት ይበልጣል። የ1991 ዓ.ም. መቆለፊያ ግዢም አለ። እንዲህ ያለ ወረቀት ዳኛ ይወዳል። እድሮች ጡሩንባ ነፊ ሲቀጠር የሚጨቃጨቁትን ያህል ጸሐፊ ሲመርጡ ቢጨነቁ ጥሩ ነበር፤ የእናንተ የዱሮ ጸሐፊ ማን እንደነበሩ ባላውቅም እጃቸው ይባረክ። ምስክር ሲጠሩ ደግሞ ብዛት አይሹ። ቀን የሚያስታውሱ ሁለት ሰዎች፣ ጣሪያውን የቀየረው አናጢ፣ ከቻላችሁ ደግሞ የእድራችሁ አባል የሆነ አንድ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ። የመጨረሻው ከመጣ ነገሩ ብዙ ይለወጣል። ለወላጁ ሐዘን ድንኳን ከዚያ ዕቃ ቤት ወጥቶለት የሚያውቅ ሰው በመሐላ ፊት ሌላ ነገር ለማለት ይቸገራል።

የ2015ቷን አንድ ሜትር አትደብቋት። ያሰፋችሁት ክፍል ከዱሮው ይዞታ ውጭ ከሆነ ለእሱ የምታቀርቡት የ40 ዓመት ታሪክ የለም። ብታፈርሱት ይሻላል ብዬ አስባለሁ። አንድ ሜትር ቆርቆሮ ይዞ የቀረውን ክርክር ማጠልሸት ምን ያደርጋል?

እድር መከራከር ይችላል ወይ? የምስክር ወረቀት ያለው፣ የተመዘገበ እድር በራሱ ስም ይከሳል፣ ይከሰሳል። የእናንተ የምስክር ወረቀት መታደሱን ግን አረጋግጡ። ክሱ ላይ ደግሞ ተከሳሽ ተብለው የተጻፉት ሊቀ መንበሩ በግል ስማቸው ነው። ዕቃ ቤቱ የእሳቸው የግል አይደለምና ይህም በመቃወሚያ ይነሳ። ካልተነሳ ነገ ፍርዱ አንድ ሽማግሌ ላይ ይወድቃል። እድሩ ራሱ ተከሳሽ ካልሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ጣልቃ ገብቶ መከራከር ይችላል። ሰፈሩም መቶ ሰው ሆኖ ችሎት መሙላት የለበትም። ቁጥር 38 አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች በጥቂቶች እንዲወከሉ ይፈቅዳል። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ፣ ውክልናውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩ፣ አስፈርሙ። የመቁሰል ያህል የሚሰማኝ እዚህ ጋ ነው፤ ስንት እድር በቂ ማስረጃ ይዞ «ማን ወከላችሁ» ተብሎ ከበር ተመልሷል።

አሁን ወደ አጥሩ። ከሳሾች ክስ ካቀረቡ በኋላ ፍርድ ሳይጠብቁ በገዛ እጃቸው ማጠራቸው ለእናንተ ስጦታ ነው። ከመልሳችሁ ጋር የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቅርቡ። ይዞታችን ከኅዳር ጀምሮ ተነጥቋል፣ አጥሩ ይነሳ፣ ኪሳራው ይከፈለን በሉ። የእናንተ 2 ዓመት ገና አሁን መቆጠር ጀመረ። ከዚያው ጋር የእግድ ማመልከቻ አስገቡ። ጉዳዩ እስኪወሰን በሩ እንዳይዘጋብን፣ ወደ ዕቃ ቤቱ እንዳንገባ እንዳይከለክሉን ብላችሁ። የሰው ሐዘን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ይህን በቃለ መሐላ አስደግፋችሁ በደንብ ጻፉት። የአጥሩን ፎቶ አንሱ። ቁልፋችሁና በሩ ባንድ ፎቶ ቢገቡ ጥሩ ነው።

ዘለው ስለገቡት ልጆች ብዙ አልጨነቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2053 ጥፋት የሚሆነው ያለ ሕጋዊ ሥልጣን፣ የባለመብቱን ወይም የባለይዞታውን ግልጽ ክልከላ ተላልፎ በሰው ቦታ በግድ መግባት ነው። ባለይዞታው ማን እንደሆነ ገና በክርክር ላይ ነው። የገቡትም በራሳቸው ቁልፍ የራሳቸውን ድንኳን ሊያወጡ ነው። ፖሊስ ቢጠራቸው ቀርበው ይህንኑ ይናገሩ፣ ዝም ብለው አይፈርሙ። ነገር ግን እንዳይደገም። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እንዲህ ልከራከርላቸው አልችልም።

ክሱ የገባበት ፍርድ ቤት ትክክለኛው ነው ወይ የሚለውንም ጠበቃችሁ ይይ። በአዲስ አበባ ከተማ ቻርተር ከማስተር ፕላን አፈጻጸም ጋር የተያያዙ የይዞታ ጉዳዮች ለከተማው ፍርድ ቤቶች ተሰጥተዋል፤ ሌላው ወደ ፌዴራል ይሄዳል። በዚህ ላይ ብዙ መዝገብ ተንከራቷል።

ሽምግልናን ያልጠቀሱት ተቀያይማችሁ ይመስለኛል። ክሱ ስለተከፈተ በሩ አልተዘጋም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 1234/2013 የራሳቸው የማስማማት አሠራር አላቸው፤ ውጭ የተደረገ እርቅም መዝገቡ ላይ ተያይዞ እንደ ፍርድ ይጸናል። ምን ሊመስል ይችላል? ዕቃ ቤቱ ባለበት ይቆያል። ሜዳው ስብሰባና ሐዘን ሲኖር ለእድሩ፣ በቀረው ጊዜ ለሁለቱም ልጆች። የአጥሩ በር ሁለት ቁልፍ ይኖረዋል። አንድ ነገር ግን እንዳትፈርሙ። «ግማሹን እንውሰድ፣ ለግማሹ ይህን ያህል ብር» የሚል ስምምነት የመሬት ሽያጭ ነው፤ ፍርድ ቤት አያጸናውም፣ ገንዘቡም ሌላ ክስ ይወልዳል። ደግሞም እርቁ ክፍለ ከተማውን አይይዘውም። ነገ ቦታው ለልማት ይፈለጋል ቢባል ሁለታችሁም አብራችሁ ትጠየቃላችሁ። የካዛንቺስና የፒያሳ እድሮች ምን እንደደረሰባቸው የምታውቁት ነው።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እኔ ከልደታ ነኝ። እኔ ደግሞ ከአጥሩ በዚያኛው በኩል ነኝ ልበል? የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ከኋላችን ያለው አሮጌ ሰፈር ሰው ሁሉ ወደ ታክሲ መያዣው የሚወጣው ግቢያችንን አቋርጦ ነው። ሌሊት ሳይቀር። በሩ ቀን ሙሉ ክፍት ነው፣ ማስታወቂያም የለም። ስርቆትም አለ። በቅርቡ ጥበቃችን አንድ የሰፈሩን ልጅ በዱላ መትቶ እጁን ሰበረው። ኮሚቴው «በግል ይዞታችን ገብቶ ነው፣ ችግር የለም» ይላል። እኔ ግን አልዋጥ ብሎኛል። ማኅበራችን ይጠየቃል?

ነዋሪዋ፣ ከልደታ

መልስ፦

አልዋጥ ማለቱ ልክ ነው እህቴ። ችግር አለ፣ ያውም ትልቅ።

ግቢያችሁ ባለይዞታ ያለው መሆኑ እውነት ነው። ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይገባ መከልከል ትችላላችሁ። ግን ከልክላችሁ ታውቃላችሁ? ደብዳቤሽ ላይ በሩ ቀን ሙሉ ክፍት ነው ብለሻል። ማስታወቂያ የለም። ልጁ የገባው በዓይናችሁ ፊት ሁሉም ሰው ሲሄድበት በኖረ መንገድ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ግልጽ የሆነ ክልከላ ነው፤ ዝም ብሎ እያዩ ማሳለፍ ክልከላ አይሆንም።

ቢከለከል እንኳ ለመተላለፍ የገባ ልጅ እጅ አይሰበርም። ዱላው ምን ሊመክት ነበር? ጥበቃው በወንጀል መጠየቁ አይቀርም። ማኅበሩ ደግሞ ቀጣሪ ከሆነ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ይከፍላል። በጥበቃ ድርጅት በኩል የመጣ ከሆነ ውሉን አንብቡት፤ ያኔ ድርጅቱ ይጠራል። ኮሚቴው ሳይጠየቅ በፊት ቤተሰቡን ይጠይቅ፣ ለሕክምናው ይርዳ። ይህን የምለው ለደግነት ብቻ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የልጁ አባት ክስ ካቀረበ በኋላ የሚመጣ እርዳታ ሌላ ዋጋ አለው።

መንገዱን ከመዝጋታችሁ በፊት ሳይት ፕላናችሁን ክፈቱ። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ የሕዝብ መተላለፊያ ተብሎ የተሰመረ መንገድ አለ፤ ያንን ማጠር አትችሉም። ካልተሰመረ ደግሞ የኋላው ሰፈር ሌላ መውጫ አለው ወይ? ከሌለው ወይም በቂ ካልሆነ በካሳ መተላለፊያ የመጠየቅ መብት ሕጉ ይሰጣል። ሌላ መውጫ ካለው ከሰፈሩ እድር ጋር ተነጋገሩ። ሌሊት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ወስናችሁ በሁለቱም በኩል ለጥፉት። ጥበቃውን ደግሞ ዱላውን አስቀምጦ ፊሽካ ይያዝ በሉት።

ጥያቄ፦

ከተክለ ሃይማኖት ነን። ሁለት ሰፈሮች በአንድ ኳስ ሜዳ ተጣልተናል። እነሱ ጎሉ ላይ የሰፈራቸውን ስም በቀለም ጽፈው «ቀድመን ከከሰስን ይጸናልናል» እያሉ ነው። እውነት ነው?

የሰፈሩ ወጣቶች

መልስ፦

አይደለም። ቀለምም፣ ቀድሞ መክሰስም መሬት አያጸናም። ሜዳው በከተማው ፕላን ላይ ለስፖርት ወይም ለክፍት ቦታ የተመደበ ከሆነ የሕዝብ አገልግሎት ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ የቱንም ያህል ዘመን ብትጫወቱበት የማንም ሰፈር ይዞታ አይሆንም። መጀመሪያ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ቦታው በፕላኑ ላይ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የተመደበው ለሌላ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ አቤቱታ የምታቀርቡበት ጊዜ አሁን ነው፤ ለየብቻ ከሄዳችሁ የሚሰማችሁ የለም። ለጊዜው ማክሰኞና ሐሙስ ማን፣ ቅዳሜ ማን እንደሚጫወት ጻፉና የሁለቱም አምበል ይፈርም። ጎሉን ደግሞ አንድ ቀለም ቀቡት፣ ነጭ ይሁን።